የአባዬ ግማሽ ዶላር

የልጇ ክርስትና ሲቃረብ እህቴ የአባዬን የኬኔዲ ሳንቲም ፒያሳ ወስዳ በማስቀለጥ መስቀል ልታሠራበት አሰበች። በእኛ አገር ይኼ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስንት የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው ቀልጦ መስቀልና አምባር የሆነው። አባዬም «እሺ» አለ። አባዬ ግን ሁለት ዓይነት እሺ አለው፤ አንዱ ደስ ሲለው፣ ሌላው ልጆቹን ማስከፋት ሳይፈልግ ሲቀር። ይኼኛው ሁለተኛው ነበር።

ሳንቲሙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በ1957 ዓ.ም. ደሴ ዘጠነኛ ክፍል እያለ አንደኛ ስለወጣ፣ የሰላም ጓድ ሆኖ የመጣ አሜሪካዊ የሒሳብ አስተማሪው ነው የሸለመው። ታሪኩን ሲጨርስ ሁሌም «ልዩ ሳንቲም ነው» ይላል። ምኑ ልዩ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። አባቶች ስለ ዕቃቸው እንዲህ ይላሉ ብዬ ነው ያለፍኩት።

«ሁለት ሳምንት ስጪኝ» አልኳት እህቴን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬኔዲ የተገደለው በኅዳር 1956 ዓ.ም. ነው። መልኩ ያለበት ግማሽ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ወጣ፤ ላዩ ላይ 1964 ይላል። በዚያ ዓመት ፊላደልፊያ ያለው የሳንቲም ማተሚያ ሁለት ዓይነት ሠራ። አንዱ ለገበያ ነው፤ ከ273 ሚሊዮን በላይ። ሌላው ፕሩፍ የሚባለው፣ ለሰብሳቢዎች ተብሎ በጥንቃቄ የተሠራ፣ አራት ሚሊዮን የማይሞላ። ችግሩ ሁለቱም 90 በመቶ ብር ናቸው፣ ሁለቱም 12.5 ግራም ይመዝናሉ፣ ሁለቱም የማተሚያ ቤት ምልክት የላቸውም (ዴንቨር የታተመው «ዲ» ፊደል አለው፤ የአባዬ የለውም)። ሚዛን አይለያቸውም። መልካቸውን ማየት ብቻ ነው ያለው።

ለፕሩፍ፣ ማተሚያው ቅርጽም ገና ያልታተመው ክብ ብርም ተወልውሎ ነው የሚገባው፤ ከዚያ ከአንድ ጊዜ በላይ በኃይል ይመታል። ስለዚህ ምስል የሌለበት ባዶ ቦታ መስታወት ይሆናል፣ ጠርዙ ስል ይሆናል፣ ፊደሎቹም ቀጥ ብለው ይነሳሉ። የገበያው አንዴ ተመትቶ ክምር ላይ ይወድቃል፣ እዚያው ከሌሎቹ ጋር ይጋጫል። አዲስ ሲሆን እሱም ያበራል፤ ግን ስታዘነብሉት ከመሃል ወደ ዳር የተዘረጋ ጨረር ይሽከረከርበታል እንጂ ፊታችሁን አያሳያችሁም። የተወለወለ ተራ ሳንቲም ደግሞ ጀማሪን ያታልላል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ጭረት በጭረት ነው፤ የፊደሎቹም ጫፍ ተበልቶ ይዶለዱማል።

የአባዬ ከእነዚህ አንዱንም አይመስልም። ስድሳ ዓመት ኪስ ለኪስ ዞሮ ግራጫ ሆኗል፤ የኬኔዲን ፀጉር አውራ ጣቱ በልቶታል። የመጀመሪያው ማታ አይቼው «ተራ» ብዬ ዘጋሁት።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው የገባኝ። ፕሩፍ የአሠራር ስም እንጂ የንጽሕና ደረጃ አይደለም። ኪስ ውስጥ ያረጀ ፕሩፍ፣ ያረጀ ፕሩፍ ነው። እንግዲያው መታየት ያለበት ጣት የማይደርስበት ቦታ ነው። ስልኬ ላይ የማጉያ ሌንስ ገጥሜ፣ የጠረጴዛ መብራት አጠገቡ አድርጌ ፊደሎቹ መሃል ገባሁ። «ሊበርቲ» ከሚለው ቃል ውስጥ፣ በ«ቢ» ፊደል ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር መስታወት አለች። አምፖሌ ውስጧ ይታያል። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ፎቶው ተበላሸ።

አሁንም እርግጠኛ አልነበርኩም፤ በአዲስ ቅርጽ የተመታ ተራ ሳንቲምም አንዳንዴ መስታወት ይመስላል። ፎቶውን ይዤ አባዬ ጋ ሄድኩ።

«እሱማ ፕላስቲክ ውስጥ ነበር» አለኝ፣ መነጽሩን እንኳን ሳያደርግ። «አምስት ሆነው፣ ትንንሾቹም ጭምር። መቀስ ከመሳቢያው አውጥቶ ቆርጦ ነው የሰጠኝ። ያን የመሰለ ነገር ለምን ያበላሻል ብዬ አዝኜ ነበር።»

ፕሩፎቹ ያኔ የሚሸጡት እንደዚያ ነበር፤ ከአንድ ሳንቲም እስከ ግማሽ ዶላር አምስቱ በአንድ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ 2 ዶላር ከ10 ሳንቲም።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ስድስት ዓመት ሶፍትዌር ሠርቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሎግ ሳነብ ከርሜ ተጠቃሚውን አልጠየቅሁም።

ለእህቴ እውነቱን ነገርኳት፤ እንዲህ ያረጀ ፕሩፍ ዋጋው ከብሩ ብዙም አይበልጥም። በገንዘብ ከሆነ ላለማቅለጥ ምክንያት የለም። ዝም አለች። ከዚያ «የቀሩትን አራቱን ምን አደረጋቸው ይሆን?» አለችኝ። እኔም ከዚያ በኋላ የማስበው እሱን ነው፤ መሃሉ ክብ ቀዳዳ ያለበት ፕላስቲክ ይዞ አገሩ የተመለሰ ሰው።

መስቀሉ ከእናቴ የድሮ አምባር ተሠራ። ለሳንቲሙ ደህና ማቀፊያ ገዛሁለት። አባዬ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወጣውና በአውራ ጣቱ እያሻሸ ያወራል። ተው ብዬዋለሁ፤ አይሰማም።