የገና ድፎ ዳቦና የወንድ ልጅ እጅ

የሰው ልጅ ደስታውን ከሚገልጥባቸው ነገሮች አንዱ የሚበላው ነው። ስለዚህም በየትኛውም አገር ቢሆን ትልቅ በዓል ሲደርስ ሊጥ ሳይቦካ፥ ምድጃ ሳይነድ አይቀርም። እንግሊዞች ለገናቸው ሚንስ ፓይ የሚባል ትንንሽና ክብ የሆነ ጣፋጭ ይጋግራሉ፤ ስሙ በጥንት ጊዜ ይገባበት ከነበረው ከተከተፈ ሥጋ የመጣ ሲሆን፥ ዛሬ በውስጡ የሚገኘው ዘቢብ፥ ፖምና ቅመም ነው። የኢጣልያ ሰዎችም ፓኔቶኔ የሚሉት የገና ዳቦ አላቸው። እኛ ደግሞ ድፎ ዳቦ አለን።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ያላየ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሲጋገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየ ግን ስንት ይሆን? በተለይ እኛ ወንዶች ልጆች የምናውቀው መቆረሱን ብቻ ነው። በልማዳችን ዳቦውን ባርኮ የሚቆርሰው አባወራው ወይም በዕድሜ የከበረ ሽማግሌ ሲሆን፥ የማቡካቱና የመጋገሩ ድካም ለሴት እጅ ተትቶ ኖሯል። «ሴት ወደ ማጀት፥ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውም ተረት ይህንኑ ያጸናል። በ2017 ዓ.ም. በገና ዋዜማ በቤታችን የሆነው ነገር ይህን ተረት እንድመረምረው ስላደረገኝ፥ ያየሁትን ለጓደኞቼ ላካፍል ወደድሁ።

የምንኖረው በደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ኑሯችንን ለማቃናት ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሄዳለች። አባቴም የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። በቤት የምንውለው አያቴ፥ ታናሽ እኅቴና እኔ ነን። አያቴ በሰፈራችን በድፎ አጋገር የተመሰገኑ ነበሩ፤ ዛሬ ግን የዐይን ሞራ ስለጋረዳቸው ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። እናቴ በሄደች በመጀመሪያው ገና ዳቦው ከሱቅ ተገዛ። ክፉ ዳቦ አልነበረም። ነገር ግን አያቴ በእጃቸው ዳበስ አድርገውት «እንግዲህ የዚህ ቤት ምድጃ ጠፋ ማለት ነው» አሉ። ይህ ቃል ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ የሚቀጥለው ገና ሲቃረብ «እማማ፥ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ እጋግራለሁ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ዳቦ እኮ በዐይን አይጋገርም፤ እጅህን ታጠብና ና» አሉኝ።

እንደሚታወቀው ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ በ28 ቀን ይከበራል። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚጾም ቅቤ፥ ወተትና እንቁላል ከቤት ይርቃሉ። ድፎውም የሚጋገረው ጾሙ ሳይፈታ በዋዜማው ስለሆነ በእኛ ቤት ቅቤ አይነካውም፤ ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። ሦስት ኪሎ የስንዴ ዱቄት ነፋሁ፤ ጨው፥ ጥቁር አዝሙድና የተወቀጠ ድንብላል ጨመርሁ። አያቴ ሁሉን የሚለኩት በእፍኝ ነው። እኔ ግን እፍኛቸው ወደ ቡሃቃው ከመግባቱ በፊት በሲኒ እየለካሁ በደብተሬ ጻፍሁት፤ የአያቴ እጅ ከእኔ እጅ ያነሰ ስለሆነ፥ በእኔ እፍኝ ቢሰፈር ጨው እንደሚበዛ ተረድቻለሁና ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ብርዱ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት፥ በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል። በሥነ ሕይወት ትምህርት እንደ ተማርነው እርሾ ሕይወት ያለው ደቂቅ ፍጥረት ነው፤ በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገበ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ያወጣል፤ ሊጡንም ኩፍ የሚያደርገው ይህ አየር ነው። ብርድ ሲያገኘው ሥራው ይዘገያል፤ የፈላ ውሃ ቢፈስበት ደግሞ ይሞታል። አያቴ ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት አልተማሩም፤ ነገር ግን «ውሃው አራስ ልጅ የሚታጠብበት ይሁን» ብለው በአንድ ቃል ጨረሱት። ከጧቱ በ2 ሰዓት አቡክቼ፥ ክንዴ እስኪዝል አሸሁት፤ ከዚያም ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልለን ከምድጃው አጠገብ አኖርነው። ኩፍ ያለው ከቀኑ በ8 ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ኮባው መጣ። ከገበያ የገዛሁትን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፤ እንዳይሰነጠቅም በእሳት ወላፈን ላይ እያሳለፍሁ አለሰለስሁት። የኮባ ጥቅም ለመዓዛ ብቻ አይደለም። የሊጡን እርጥበት ይይዛል፤ የድስቱ ብረት ዳቦውን እንዳያሳርረውም በመካከል ይገባል። በሰፊው ብረት ድስት ውስጥ ቅጠሉን አነጣጥፌ ሊጡን ገለበጥሁበት፤ ከላይም በኮባ ሸፍኜ ከደንሁት።

በዚህ መካከል ለገና ጨዋታ ሊጠሩኝ የመጡ ጓደኞቼ በበር ብቅ ብለው «ዱላህን ጥለህ ማማሰያ ያዝህን?» እያሉ ሣቁብኝ። «ነገ ከዳቦው የሚቀምስ ዛሬ አይሣቅ» አልኋቸው። ሣቃቸው ገና ሳያልቅ መብራት ጠፋ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የተጣደው ድፎ ገና ሀያ ደቂቃ እንኳ አልሞላውም ነበር። ሊጥ በግማሽ መንገድ ሙቀት ከራቀው ተኝቶ እንደሚቀር ስለማውቅ ልቤ ደነገጠ። አያቴ ግን «ክዳኑን እንዳትከፍት! ጉልቻው ከጓሮ አለ» አሉ። ሲሥቁ የነበሩት ጓደኞቼ እንጨት ፈለጡ፤ እኔ እሳት አያያዝሁ፤ ድስቱን እንደ ተከደነ አውጥተን በሦስቱ ጉልቻ ላይ ጣድነው። በክዳኑ ላይ ቆርቆሮ አድርገን ፍም ከመርንበት፤ ከታችም ከላይም እሳት ሆነለት።

አያቴ በዱካ ተቀምጠው አየሩን ያሸቱ ነበር። «የኮባው ሽታ ሲቀድም ገና ነው፤ የአዝሙዱ ሽታ ሲቀድም ደርሷል» አሉኝ። እውነትም ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ «አሁን አውርድ» አሉ። ቀጭን ስንጥር ብሰካበት ሊጥ ሳይዝ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴም ከመንገድ ገብቶ ነበር። እናቴ በስልክ ስትደውል አያቴ ስልኩን ወደ ዳቦው አስጠጉና ጀርባውን በጣታቸው አንኳኩት፤ በደንብ የበሰለ ዳቦ ሲመታ እንደ ከበሮ ድምፅ ይሰጣልና። «ሰማሽ? ልጅሽ ነው የጋገረው» አሏት። የእናቴ ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። ከዚያም «ኮባውን አለስልሰኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ ዳቦውን ባርኮ ሊቆርስ ተነሣ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ቁራሽ፥ እንደ ልማዱ ራሱ ከመቅመሱ በፊት፥ ለአያቴ አጎረሳቸው።

ከዳቦ ቤት መግዛትን የምነቅፍ አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ በሥራ የሚውሉ እናቶች ስንት አሉ! የእሳቱም ጢስ ዐይንን የሚጎዳ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ የተገዛ ዳቦ ቢያልቅ ሌላ ይገዛል፥ በአንዲት አሮጊት እጅ ውስጥ ያለ ዕውቀት ግን ካለፈ በኋላ በገንዘብ አይገዛም። ችሎት ተቀምጦ የሚፈርድ ወንድ፥ ስንት ክንድ ዝሎ ዳቦው ከፊቱ እንደ ቀረበ ቢያውቅ ፍርዱ የተሻለ ይሆናል እንጂ አይበላሽም።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ በሚመጣው በዓል በቤታችሁ ያሉትን እናቶችና አያቶች እፍኛቸው ስንት ሲኒ እንደሚሆን ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉት። ወንዶች ሆይ፥ እጃችሁን ታጥባችሁ ወደ ቡሃቃው ቅረቡ። ወላጆችም ልጁ ወንድ ነው ብላችሁ ከማጀት አትከልክሉት፤ የቤታችሁ ምድጃ ነገ በማን እጅ እንደሚነድ አይታወቅምና።