ስለ በጎ አድራጎትና ስለ ሴቶች ድምፅ

በጎ አድራጎት በሁለት እጅ የሚፈጸም ሥራ ነው። አንደኛው እጅ ያበስላል፥ ያጥባል፥ ይሸከማል፤ ሁለተኛው ይጽፋል፥ ይቈጥራል፥ ማኅተም ይመታል። እኔ ዕድሜዬን የፈጸምሁት ከሁለተኛው እጅ ጋራ ስለ ሆነ፥ ወጣቶች ሆይ፥ የምነግራችሁ የሌላ ሰው ጥፋት አይደለም።

የምኖረው በአቃቂ ነው። አቃቂ የፋብሪካ አገር ስለ ሆነች ከየአውራጃው እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው ይኖርባታል፤ ዘመዱ በሩቅ ለቀረበት ሰው ደግሞ የሚቀብረውና የሚያስተዛዝነው እድሩ ነው። የሰፈራችንን እድር በጸሐፊነት ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። መዝገቡ በአባወራው ስም ይጻፋል፤ ወንዶች ድንኳን ይተክላሉ፥ ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፥ ወጥ ይሠራሉ። ሴት ወደ ስብሰባ የምትመጣው ባልዋ ሲታመም ወይም ሲሞት ብቻ ነበር። ባል ሲሞትም ስሙን ሰርዤ በላዩ «የእገሌ ሚስት» ብዬ እጽፍ ነበር። የራስዋን ስም አለመጠየቄ በዚያን ጊዜ ነውር መስሎ አልታየኝም።

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በአንድ የነሐሴ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ በዳር ወዳሉት ቤቶች ገባ። ሠላሳ ያህል ቤተሰብ ከነልጆቹ በትምህርት ቤት ክፍሎች ተጠለለ። እድራችንም በነጋታው የርዳታ ኮሚቴ አቆመ፤ ሰባት ሰዎች ነበርን፥ ሰባታችንም ወንዶች። ከእድሩ ሣጥንና ከደጋግ ሰዎች በተሰበሰበው ገንዘብ ዱቄትና ብርድ ልብስ ገዛን። ዝርዝሩን በሰማያዊና በቀይ ቀለም አስምሬ ጻፍሁ፤ እንደዚያ ያማረ ዝርዝር ከዚያ በፊት ጽፌ አላውቅም። አባወራውን ሁሉ እያስፈረምን አደልን።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ባልቴት ዱቄታቸውን እንደ ታሰረ ይዘው መጡና ከጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«መምህር፥ እግዜር ይስጥልን። ግን ይኸን በምን እናቡካው? ቡሃቃውንም ምጣዱንም ውሃ ወስዶታል፤ እንጨቱም ርሷል።»

መልስ አልነበረኝም። ሰባት ወንዶች ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ዱቄቱ ዋጋ፥ ስለ መኪናው ኪራይና ስለ ፊርማው ስንከራከር ቡሃቃን ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም። ባልቴቲቱ ወደ ክፍሎቹ ወሰዱኝ። እዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ነገር ነገሩኝ፤ መጸዳጃው አንድ ብቻ ስለ ሆነና መብራት ስለሌለው፥ ልጃገረዶቹ ሌሊት እንዳይወጡ ፈርተው ከቀትር በኋላ ውሃ አይጠጡም ነበር። ለወር አበባቸው የሚሆን ጨርቅም ሆነ ሳሙና አልነበራቸውም። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጃገረዶችን ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ከእነዚህም መካከል ሁለቱ በክፍሌ ተቀምጠው የሚማሩ ነበሩ፤ ባዩኝ ጊዜ አንገታቸውን ደፉ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሐዋርያት ሥራን በቃላችን እንድናጠና ይደረግ ነበር። በምዕራፍ ስድስት፥ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶች ቸል በመባላቸው ማጕረምረም ሆነ፤ ማዕዱንም የሚያገለግሉ ሰባት ወንዶች ተመረጡ። ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የሰባቱን ስም ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ጕዳዩ የመበለቶች ሆኖ ሳለ ከመበለቶቹ አንዲቱን እንኳ ማን ጠየቃት የሚለው አሳብ ግን እስከዚያች ምሽት ድረስ አልመጣብኝም። በቅዱሳን ላይ መፍረድ የእኔ ፋንታ አይደለም፤ ነገር ግን የእኛም ኮሚቴ ቍጥሩ ሰባት መሆኑ እንቅልፍ ነሣኝ።

ሴቶቻችን ለዚህ ሥራ እንግዳ ሆነው አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በተቋቋመበት በ1927 ዓ.ም. በእቴጌ መነን ጠባቂነት የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ቆሞ ነበር፤ ጦርነቱም በተነሣ ጊዜ አባሎቹ ለዘማቹ ፋሻና ልብስ ያዘጋጁ ነበር። ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ፈጽመዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ደነገገ። ይህ በአዲስ አበባ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። የእድራችን መዝገብ ግን ሕጉ ከተለወጠም በኋላ በአሮጌው ሕግ ይተዳደር ነበር።

«ሴት ትምራ ካላችሁ፥ ማን አለች?» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። ለዚህ ሰው አበበች ጎበናን እጠራለታለሁ። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው፥ ከዚያ አምልጠው አዲስ አበባ የገቡ ሴት ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፥ በወሎ ረኃብ ከጐዳው ሕዝብ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ልጆቹ ብዙ ሳይቈይ 21 ደረሱ፤ በዚህም ምክንያት ትዳራቸው ቢፈርስ ልጆቹን መረጡ። በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት ከዚያ የበቀለ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ሁሉ «እናታችን» ብሎ አለቀሰላቸው፤ ተገቢም ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ይህ ነው፤ ድርጅት ያቋቋመ፥ ገንዘብ ያሰባሰበ፥ ሠራተኛ የቀጠረና የመራ ወንድ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምናነሣለት አስተዳደሩን ነበር። የሴት አስተዳደር ርኅራኄ ተብሎ ይጻፋል። እንዲህም እየተባለ የሥራ አስኪያጅነቱ ወንበር ለሌላ ይተርፋል።

በውጭ አገርም ነገሩ ቀላል አልሆነም። ካትሪን ቤርቲኒ የተባሉት ሴት የዓለም የምግብ ፕሮግራምን በሚመሩበት ዘመን፥ ድርጅቱ ከሚያድለው የአስቸኳይ ርዳታ ምግብ ከመቶ 80 እጁ በቀጥታ ለሴቶች እንዲሰጥ አሰበ። ጥሩ አሳብ ነው። ነገር ግን በአገራችን የተለመደው የርዳታ ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ስለ ሆነ፥ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 75 ኪሎ ይደርሳል። ማደያው የግማሽ ቀን መንገድ የራቀ እንደ ሆነ፥ ካርዱ የሴቲቱ ነው ማለት ሸክሙም የሴቲቱ ነው ማለት ነው። ማደያው የት ይሁን፥ በስንት ሰዓት ይከፈት በሚባልበት ጠረጴዛ ካልተቀመጠች ስሟ በካርዱ ላይ መጻፉ ጀርባዋን አያሳርፈውም።

በተከታዩ ዓመት ለእድሩ ጕባኤ ሁለት ነገር አቀረብሁ፤ በየቤቱ የባልም የሚስትም ስም ይጻፍ፥ ከሰባቱ የኮሚቴ አባሎችም ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተነሥተው፥ «ሴቶቹ ስብሰባ ከተቀመጡ ወጡን ማን ሊሠራው ነው?» አሉ። ያችው የዱቄቷ ባለቤት ከበሩ አጠገብ ሆነው፥ «ድንኳኑን ተክላችሁ ስትጨርሱ ሽንኩርቱ ይጠብቃችኋል ጋሼ» ቢሉ ጕባኤው በሣቅ ተበተነ። በሣቅ ይበተን እንጂ ነገሩ አላለፈም፤ ሦስት ስብሰባ ፈጅቶ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ባልቴቲቱም ገንዘብ ያዥ ሆኑ። ገና በመጀመሪያው ወር ሒሳቡ 140 ብር እንደሚጐድል ደረሱበት፤ ስህተቱ የእኔ ድምር ነበር።

አዲሱን መዝገብ በእጄ ገልብጬ ስጨርስ፥ ደስ ይላታል ብዬ ለባለቤቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ቤታችንን ፈለገች። የእኔ ስም በ87 «ሀ»፥ የእሷ በ87 «ለ» ተጽፏል።

«እንጀራ ጋግሬ የሰጠሁት ይህ እድር ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው» አለችኝ። «ለምንድን ነው ለ የሆንሁት?»

የፊደሉ ተራ እንዲህ ስለሚል ነው ብዬ ለማስረዳት ጀመርሁ። ሳልጨርስ መዝገቡን አጥፋ መለሰችልኝና ቡና ልታፈላ ተነሣች። የሚቀጥለው መዝገብ የሚገለበጠው ይኸኛው ሲሞላ ነው፤ ገና ብዙ ገጽ ይቀረዋል።