ልብን የሚገዛ ንግግር



ሰይፍ ያልታጠቀ መሪ በታሪክ አለ፤ ግምጃ ቤት ያልነበረውም አለ፤ ያለ ንግግር ሕዝብ የመራ ግን ማግኘት ይቸግራል። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) እንኳ ወደ ፊርዐውን በተላኩ ጊዜ፣ አንደበተ ርቱዕ የሆኑት ወንድማቸው ሃሩን (ዐ.ሰ) ረዳት ይሆኗቸው ዘንድ ጌታቸውን መለመናቸውን ከቁርኣን ተምረናል። እውነቱ ከእርሳቸው ጋር ነበር፤ ቢሆንም እውነትን አሳምሮ የሚናገር ሰው ማስፈለጉን አልናቁትም። ስለዚህ ንግግር ማሳመር የአፈ ጮሌ ሥራ ነው እያሉ የሚያጣጥሉ ወንድሞቻችን ነገሩን እንደገና ቢመለከቱት ደግ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሰው ተናግሮ ሲያስለቅሰን፣ ወይም ከመቀመጫችን ሲያስነሣን፣ ልባችንን የገዛው በምን ዋጋ ነው?

እኔ በልጅነቴ የተማርኩት በሁለት በኩል ነው። ጧት ከሱብሒ በኋላ መድረሳ እቀራለሁ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት ፈረቃዬ ነው። መድረሳ ውስጥ ሸኻችን ሲራውን ሲተርኩልን አፋችንን ከፍተን እናዳምጥ ነበር። በተለይ የጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ታሪክ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ነገሩ የተፈጸመው በእኛው አገር ምድር ነውና እንደ ጎረቤት ወሬ ቀርቦ ይሰማን ነበር። ከሰዓት በኋላ የአማርኛ መምህራችን ድርሰት በአራት ይከፈላል፤ ተራኪ፣ ገላጭ፣ ስዕላዊና አመዛዛኝ እያሉ ሰሌዳ ላይ ይጽፉልናል። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ደብተር ላይ ተጽፈው እንኳ ለዓመታት ጭንቅላቴ ውስጥ አልተገናኙም። ያገናኘቻቸው አንዲት ተማሪዬ ናት።

ዛሬ እኔም የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ። አመዛዛኝ ድርሰት ባስተማርኩ ማግሥት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከደወል በኋላ ቆየችኝ።

«ቲቸር፣ ወንድሜ በስልኩ የሚከታተለው አንድ ተናጋሪ አለ፤ እኔም የምከታተለው ሌላ አለ። የሱ የኔን ያወግዛል፣ የኔም የሱን። ሁለቱም ሲናገሩ ያስለቅሳሉ። አሁን እኔና ወንድሜ ከአንድ ትሪ መብላት ትተናል፤ እናታችን በሁለት ሳህን ነው የምታቀርብልን። የትኛው ነው እውነተኛው?»

የተናጋሪዎቹን ማንነት አልጠየቅኋትም። ጠይቄ ብፈርድ ኖሮ ሦስተኛ ተናጋሪ ሆኜ እጨመርባት ነበር። የጀዕፈርን ታሪክ ታውቂዋለሽ ወይ? አልኳት። «እንዴ ቲቸር፣ እሱንማ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግሁት» አለች፣ ትንሽ ቅር ብሏት። እንግዲያው ዛሬ ጀዕፈርን ለጊዜው ተያቸውና ዐምርን አድምጪ አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካ ወደ ሐበሻ ምድር ስደት የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ነው። ተከታትለው የተሻገሩት ወንዶች ቁጥር ከ80 በላይ ደረሰ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩ። ቁረይሾች እነዚህን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ላኩ። ዐምር በብልሃትና በንግግር ስመ ጥር ነበሩ። (ኋላ ሰልመው ከታላላቅ ሰሓቦች አንዱ ሆነዋልና እዚህም በአክብሮት ነው የምጠራቸው።) አሠራራቸውን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ወደ ንጉሡ ወደ ነጃሺ አልሄዱም። ከመካ ከሚመጣው ሁሉ እጅግ የሚወደደውን የተለፋ ቆዳ ይዘው ባለሟሎቹን አንድ በአንድ ጎበኙ፤ ለእያንዳንዱ ስጦታውን ሰጡ፤ ነገሩንም አስረዱ። የተናገሩትም አብዛኛው ላይ ላዩን ሲታይ እውነት ነበር። እነዚህ ልጆች የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ትተዋል፤ የናንተንም አልያዙም፤ የላኩን አባቶቻቸውና አጎቶቻቸው ናቸው፤ የልጆቹን ጠባይ ከቤተሰቦቻቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም የሚል ነው። ከዚህ ውስጥ የትኛው ሐሰት ነው? ዛሬም ቢሆን በተካነ ተናጋሪ አፍ ውስጥ ሐሰቱን ነጥሎ ማውጣት አይቻልም፤ ብዙውን ጊዜ የለምና።

ነገሩ ያለው መጨረሻቸው ላይ ነው። ባለሟሎቹን የለመኗቸው ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግሩ አሳልፈው እንዲሰጡ እንዲመክሯቸው ነበር። ታሪኩን በዓይናቸው አይተው ያስተላለፉልን እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። ለሁለቱ መልእክተኞች ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል እንዳይሰሙ ከመሻት የበለጠ ነገር እንዳልነበረ እሳቸው ይነግሩናል። ባለሟሎቹም እንደተለመኑት እውነት ብለዋል ይሰጣቸው አሉ። ነጃሺ ግን ተቆጡ። ሌላውን ትተው የኔን ጥገኝነት የመረጡ ሰዎችን ጠርቼ ሳልጠይቅ አልሰጥም አሉ።

ጀዕፈር (ረ.ዐ) ያን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ወጣት ነበሩ። ስደተኞቹ ከመቅረባቸው በፊት ተሰብስበው ምን እንበል ሲባባሉ፣ የመጣው ይምጣ፣ ነቢያችን ያስተማሩንን እንላለን ብለው ነው የተስማሙት። ንጉሡም ስለ ያዙት እምነት ጠየቋቸው። እስቲ ራሳችንን በዚያ ቦታ እናቁም። ባዕድ አገር ነው፤ ዙፋን ፊት ነው፤ ከሳሽ በጎን ቆሟል። እንዲህ ያለ ቀን ሰው የሚመጣለት ራሱን ማወደስ፣ ዘሩን መቁጠር፣ በደሉን መደርደር ነው። ጀዕፈር ግን የጀመሩት በገዛ ሕዝባቸው ነውር ነው። ስለ ጣዖት አምልኮ፣ ጥንብ ስለ መብላት፣ ዝምድና ስለ መቁረጥ፣ ጎረቤት ስለ መበደል፣ ብርቱው ደካማውን ስለ መዋጡ ተናገሩ። ይህን ሁሉ ሲሉ «እነርሱ» አላሉም፤ «እኛ» ነው ያሉት። ዐምር እዚያው ቆመው እየሰሙ ነው፤ ምኑን ያስተባብላሉ?

ቀጥለው ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘርና እውነተኛነት፣ ስለ አደራ ጠባቂነታቸው ተናገሩ፤ ይህንንም ከሳሾቹ ያውቁታል። ትምህርታቸውን ሲዘረዝሩ እውነት መናገርን፣ አደራ መመለስን፣ ለዘመድና ለጎረቤት መልካም መዋልን፣ የየቲምን ገንዘብ አለመንካትን ጠቀሱ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ጆሯቸው የሚለምደው እንጂ የሚሸሸው አልነበረም። ንጉሡን ያወደሱት በመጨረሻ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከሌሎች ነገሥታት እርስዎን መርጠን መጣን፣ ከእርስዎ ዘንድ እንደማንበደል ተስፋ አድርገን የምትል። ዐምር ስጦታውን ከፊት አስቀደሙ፤ ጀዕፈር ምስጋናቸውን ከኋላ አስከተሉ። ንጉሡ ከመልእክቱ ጥቂት እንዲያሰሙ ሲጠይቁም ከቁርኣን ሁሉ መርጠው ያነበቡት የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ነው። ነጃሺ ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ፤ ጳጳሳቱም የዘረጓቸው መጻሕፍት እስኪርሱ።

ተማሪዬ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «ቲቸር፣ እንግዲያው ጀዕፈርም መርጠዋል ማለት ነው። ንጉሡ የሚወዱትን ነው ያነበቡላቸው።»

ልክ ናት። መርጠዋል። መምህሮች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስታችንን መደበቅ አንችልም። መልሱ ያለው በማግሥቱ ነው። ዐምር ተስፋ አልቆረጡም፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ነገር ይናገራሉ ብለው ለንጉሡ ነገሩ። ያችን ነጥብ የመረጧት ጀዕፈርን ከንጉሡ የምትለያቸው መሆኗን ዐውቀው ነው። ስደተኞቹ እንደገና ተጠሩ። ትናንት የተገኘው ርኅራኄ ዛሬ በአንድ ቃል ሊጠፋ ነው። ቃሉን ማለስለስ፣ ማድበስበስ፣ ወይም ጥያቄውን ማዞር ለጀዕፈር አንደበት የሚያቅት አልነበረም። እሳቸው ግን ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግሊቱ መርየም የተጣለ ቃሉና ከርሱ የሆነ መንፈስ ናቸው አሉ፤ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። ባለሟሎቹ አጉረመረሙ። ነጃሺ ግን ከመሬት እንጨት አንሥተው፣ ዒሳ ከተናገርከው የዚህችን እንጨት ያህል አያልፍም አሉ፤ የቁረይሽንም ስጦታ መለሱ። እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን ምርጫ መሸፈኛ እንዳልነበረ ያረጋገጠልን ሁለተኛው ቀን ነው። ሱረቱ መርየም ለንጉሡ የተነበበው በር ለመክፈት ነበር፤ ጀዕፈር በተከፈተው በር ውስጥ ያልተወደደውንም ይዘው ገብተዋል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ኡሙ ሰለማ ታሪኩን ሲነግሩን የጠላትን ወገን ክስ ሳያሳጥሩ ነው። ከዚያም ዐልፈው፣ ዐምር ሁለተኛውን ክስ ሊያቀርቡ ሲነሡ ጓደኛቸው ዐብዱላህ ዘመዶቻችን ናቸውና ተው ማለታቸውን አልደበቁም። ሊያስመልሳቸው ለመጣ ሰው ሳይቀር ደግነቱን መዘገቡለት። አመዛዛኝ ማለት ይህ ነው፤ ቃሉ ራሱ ሚዛንን ነው የሚጠራው።

«እሺ፣» አለች ልጅቷ፣ «ግን ያ የሁለት ወገን ነገር ነው። የኛ ተናጋሪዎች እኮ የሚናገሩት ለራሳቸው ሰው ነው። የራስ ሰው ሲሆን ማን ሌላውን ወገን ይጠይቃል?»

የጂዕራናን ቀን ነገርኳት። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (በ630) ከሑነይን ዘመቻ በኋላ የተገኘው ምርኮ እንደ ታሪክ ጸሐፊዎች ቆጠራ 24,000 ግመልና ከ40,000 በላይ በግና ፍየል ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅርቡ ለሰለሙ የመካ ሹማምንት መቶ መቶ ግመል ሰጡ፤ ለመዲናዎቹ አንሷሮች ግን ምንም አልደረሳቸውም። ማጉረምረም ተጀመረ። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ) መጥተው ነገሩ። አንተስ ከየት ነህ? ሲባሉ እኔም ከሕዝቤ አንዱ ነኝ ብለው እቅጩን ተናገሩ። ነቢዩም አንሷሮቹን ብቻ ለይተው ሰበሰቧቸው።

አላህ በእርሳቸው አማካይነት የዋለላቸውን አስታወሷቸው፤ ከጥመት መመራታቸውን፣ ከጠላትነት መታረቃቸውን። አንሷሮቹ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። ንግግሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዝም ያሰኛቸው ነበር፤ ቅሬታቸው ግን በሆዳቸው ይቀር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን አትመልሱልኝም ወይ? አሏቸው። ምን እንመልስ? አሉ። ያን ጊዜ እሳቸው ራሳቸው የአንሷሮቹን ክርክር ያዙላቸው። ሌላው ሲያስተባብል እኛ አመንንህ፣ ሌላው ሲተውህ እኛ ረዳንህ፣ ስትባረር አስጠጋንህ ብትሉኝ እውነት ተናገራችሁ፣ ሰውም ባመናችሁ ነበር አሉ። አንሷሮቹ በዚያ ሰዓት ለመናገር ያልደፈሩትን፣ ምናልባትም እንዲህ አሳምረው ያላሰቡትን፣ ከተከሰሱት አፍ ሰሙት። ሌላው ሰው በግና ግመል ይዞ ሲሄድ እናንተ የአላህን መልእክተኛ ይዛችሁ ብትመለሱ አትወዱምን? የሚለው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ይህን ያስተላለፉልን ከአንሷሮቹ አንዱ የሆኑት አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) ናቸው። አቡበክርም (ረ.ዐ) በ632 ሥልጣን በያዙ ቀን፣ ከናንተ የበለጥሁ ሳልሆን ተሾምኩባችሁ፣ ብሳሳት አቅኑኝ በማለት የጀመሩት ያንኑ መንገድ ይዘው ነው።

ለልጅቷ የሰጠኋት ሥራ ቀላል ነበር። አንቺ የወንድምሽን ተናጋሪ ሐሳብ አስረጂ፣ እሱ «አዎ፣ እንደዚህ ነው የሚለው» እስኪልሽ ድረስ፤ ከዚያ እሱ ያንቺን። የምታለቅሱለት ሰው ይህን ሥራ ለተቃዋሚው ሠርቶለት ያውቅ እንደሆነም ተመልከቱ አልኳት። እንዴት እንደጨረሱት የቤታቸው ጉዳይ ነው።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የአመዛዛኝ ድርሰት አሰጣጤን ለወጥኩ። ተማሪው መጀመሪያ የሚጽፈው የባላጋራውን ሐሳብ ነው፤ ነጥቡን የሚሰጠው ደግሞ ባላጋራው ራሱ ነው። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ከ10 ሙሉ የሚያገኝ የለም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ክርክር ወዳድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ የሱን በደንብ ከጻፍኩለትማ እሱ ያሸንፈኛላ!» አለኝ። እስከ ሰኞ ጽፎ እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ።