አትግፉት

ሰሞኑን ጅጅጋ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ፎቶ ላከልኝ። ቦታው ዳካታ ሸለቆ ነው፣ ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ ስትሄዱ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞት የሚሄደው። አንድ ትልቅ ክብ ድንጋይ ዓምድ በመሰለ ዓለት ላይ ጉብ ብሏል። ሦስት ጓደኞቹ ትከሻቸውን አስደግፈው ይስቃሉ። "ቲቸር፣ አቦ ይሄን ማን ከመረው? ገፋነው እኮ፣ ንቅንቅ አልል አለ" ይላል።

መልሱ ስለረዘመ ሌሎቻችሁም እንድታነቡት እዚሁ ልጻፈው።

ማንም አልከመረውም። ድንጋዩ ግራናይት ነው። ግራናይት ቅልጥ ዓለት ወደ ላይ ሳይወጣ፣ መሬት ውስጥ በጥልቀት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው የሚፈጠረው። የዳካታው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው የምሥራቁ መሠረት ዓለት አካል ነው። እኛ ድሬ ዙሪያ የምናያቸው የኖራ ድንጋይ ተራሮች፣ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያለበት ጭምር፣ ከዚያ በጣም ዘግይቶ ባሕር ያነጠፋቸው ናቸው። ዳካታ ላይ ግን የላዩ ድርብርብ ታጥቦ ሄዶ ወለሉ ነው የሚታየው።

ከላይ ተጭኖት የነበረው ክብደት ሲነሳለት ግራናይት ቁልቁልና አግድም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል። ውሃው ፌልድስፓር የሚባለውን ማዕድን ወደ ሸክላ አፈር ይቀይረዋል፣ ኳርትዙ አሸዋ ሆኖ ይራገፋል። ጥግ ደግሞ ከሦስት በኩል ስለሚጠቃ ቀድሞ ያልቃል፤ የልብስ ሳሙና ስትጠቀሙበት ጥጉ እንደሚያልቀው ማለት ነው። ይሄ ሁሉ በአብዛኛው የሚሆነው ድንጋዩ ገና አፈር ውስጥ እያለ ነው። ከዚያ ጎርፉ አፈሩን ይወስድና ጠንካራው ባለበት ይቀራል። የላዩና የታቹ ድንጋይ ድሮ አንድ ዓለት ነበሩ። ስለዚህ እዚያ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን እዚያው የተረፈ ነው።

አሁን ወደ ግፊያው። ዛሬ አልነቃነቅ አለ ማለት ነገም አይነቃነቅም ማለት አይደለም። ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሥራውን ይቀጥላል። የት ላይ እንደደረሰ በዓይን አይታይም።

በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ፣ ጎብሊን ቫሊ በሚባል ፓርክ የስካውት መሪዎች የነበሩ ሰዎች እንዲህ ሚዛን ላይ የቆመ ድንጋይ ገፍተው ጣሉ፣ እየጨፈሩም ቪዲዮውን ለቀቁት። ያኛው ግራናይት እንኳን አይደለም፣ አሸዋ ድንጋይ ነው። ሰው ላይ እንዳይወድቅ ብለን ነው አሉ። ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ ጥፋታቸውንም አመኑ። ድንጋዩን ግን መልሶ ያቆመው የለም። ማንስ ያቆመዋል?

የኛ ሸለቆ ደግሞ ባዶ አይደለም። ከድንጋዮቹ ሥር ፍየልና ግመል የሚጠብቁ ልጆች ይውላሉ። እናንተ ለሳቅ ስትገፉ ታች ማን እንዳለ አታዩም።

ከድሬ በሐረር አድርጋችሁ ባቢሌ ለመድረስ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሂዱ፣ ልጆቻችሁንም ውሰዱ። ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ እዚያ ቆመው ቢያዩት ይገባቸዋል። ፎቶ ተነሱ፣ የባቢሌ ኦቾሎኒያችሁን ይዛችሁ ጥላ ፈልጋችሁ ቁጭ በሉ። እጃችሁን ግን ሰብስቡ።

አንተም ልጄ፣ ለሦስቱ ጓደኞችህ አንብብላቸው። ፎቶዋ ቆንጆ ናት፣ አስቀምጣት። ሁለተኛ ግን እንዳትደግሙት።