በጨርጨር ዝናብ ማን ማንን ይፍራ?

ክረምት ላይ ከጭሮ ተነስቶ ወደ ኩኒ ተራሮች ሊዘልቅ፣ በቆርቆሮ ጎጆ ሊያድር ላሰበ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ጅቡስ?» ነው። አይፈረድበትም። ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የውጭ ኮቴ አይለይም፤ ጭጋግና ጨለማ ሲገጥሙ ደግሞ ቁጥቋጦው ሁሉ አውሬ ይመስላል። እኔ ግን ፍርሃቱ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ፤ በዚያ ተራራ ይበልጥ የሚያሰጋው የእንግዳው ሳይሆን የባለቤቱ ዕጣ ነው። ኩኒ ሙክታር ለደጋ አጋዘን መጠለያ ተብሎ የተከለለ ስፍራ ነው። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር መኖሪያ አገር የለውም፤ ሳይንስ እንኳ ስም ያወጣለት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። 1969 የሚል የተጻፈባትን ባለ 10 ሳንቲም ገልበጥ አድርጋችሁ እዩአት፤ ያ ጥምዝ ቀንድ የእሱ ነው።

«ጅብ እኮ በግ ይወስዳል፣ ነብርም ፍየል አይምርም» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ሁለት ፍየል ብቻ ላለው ገበሬ አንዷ ስትበላ ግማሽ ሀብቱ ሄደ ማለት ነው፣ ይህን በወሬ ማቃለል ነውር ነው። ነገር ግን የእሾህ አጥርና በጊዜ የተዘጋ በረት ብዙውን ጊዜ ጅብን ይመልሳሉ። ጫካው ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር ግን አጋዘኑ የሚከለልበት አጥር የለውም፤ ሽሽቱ ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ ብቻ ነው። ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ከጎጆው ደጅ፣ ጭቃው ላይ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ የሰኮና ዱካ ከታየ ያ እንግዳ ሌሊቱን ከጥሩ ጎረቤት ጋር አድሯል።