«ማን ሆነህ ነው የሞከርከው?»

ይህን የምጽፈው የፓይተን ሥራቸውን ሰርቨር ላይ አስቀምጠው አልነሳ ብሏቸው ለሚያነጉ ሰዎች ነው። እኔም አንድ ሌሊትና አንድ ጠዋት እንዲሁ አልፎብኛል። የሆነውን እንደሆነ በቅደም ተከተሉ እነግራቸዋለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ የላብራቶሪ ውጤት የሚመዘግብበትን ሲስተም የምጠብቀው እኔ ነኝ። የተሠራው በጃንጎ ነው። ጃንጎውን የሚያስኬደው ጉኒኮርን ሲሆን ከፊት ቆሞ የተጠቃሚውን ጥያቄ የሚቀበለው ኤንጂንኤክስ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ የሶኬት ፋይል በኩል ነው። ሐኪም ክፍሉ ሆኖ የካርድ ቁጥር ሲያስገባ የታማሚው ውጤት የሚመጣለት በዚህ መንገድ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የአሮጌው ሰርቨር ዲስክ ሞተ። ክሊኒኩ እሑድ ዝግ ስለሆነና የቅዳሜ ሌሊቱ ባክአፕ ሙሉ ስለነበር የጠፋ ውጤት የለም፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ማታውኑ ሌላ ሰርቨር ተከራየን። አሮጌው ኡቡንቱ 20.04 ነበር፤ አዲሱ ላይ 22.04 ጫንኩ። ዳታቤዙን መለስኩ፤ የኤንጂንኤክስንና የጉኒኮርንን ኮንፊገሬሽን እንዳለ ገለበጥኩ። ለዓመታት ያለ እክል የሠራ ኮንፊገሬሽን ነው።

ብራውዘሩን ስከፍት 502 አለ።

502 ሲመጣ ኤንጂንኤክስ በሕይወት አለ፤ ከኋላው ካለው ግን መልስ አላገኘም። ስለዚህ መጀመሪያ ጉኒኮርንን አየሁ። ሲስተምዲ እየሠራ ነው ይላል። የኤንጂንኤክስን ኮንፊገሬሽን አስፈተሽኩ፤ ልክ ነው አለኝ። ይህ ፍተሻ የፋይሉን አጻጻፍ ያነባል እንጂ ከኋላ ያለውን ሄዶ አያንኳኳም፤ በእሱ ብቻ ልብ መጣል አይገባም። ቀጥሎ የስህተት ሎጉን ከፈትኩ። ሶኬቱን ለማግኘት ሞክሮ «13፣ ፈቃድ ተከልክሏል» ይላል። ቁጥሩ ትልቅ ነገር ይናገራል። 2 ቢሆን ፋይሉ የለም፤ 111 ቢሆን ፋይሉ አለ፣ የሚያዳምጥ ግን የለም። 13 ግን ሁሉም ነገር በቦታው እያለ አትገባም መባል ነው።

የሶኬቱን ፈቃድ አየሁ። 777 ነው፤ ለማንም ክፍት። ከርል በተባለው መሣሪያ በዚያው ሶኬት በኩል በቀጥታ ጥያቄ ላክሁ፤ የመግቢያ ገጹ ሙሉ ኤችቲኤምኤል ተርሚናሉ ላይ ወረደ። ለእኔ ክፍት የሆነ በር ለኤንጂንኤክስ ዝግ ነው። ጉኒኮርንንም ኤንጂንኤክስንም እንደገና አስነሳሁ፣ ሰርቨሩን ራሱን አስነሳሁ፣ ከሌላ ሰርቨር ላይ ከሚሠራ ኮንፊገሬሽን ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁ። ነጋ፤ 502 ግን አልሄደም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ሞላ። የላብራቶሪዋ ኃላፊ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣቸው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ። ውጤት በእጅ እየተጻፈ በሰው ወደ ላይኛው ፎቅ ይወሰድ ጀመር። ሦስት ሰዓት አካባቢ ደወሉልኝ። ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ደም ሰጥተዋል፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሌላዋ የስኳር ታማሚ። «ልጄ፣ እኔ ካርድ ቁጥራቸውን አይቼ ለይቻለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ እንዲህ አንዘልቅም» አሉኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። የአንዷ ውጤት ለሌላዋ ቢሰጥ የሚሆነውን አውቃለሁ።

አንድ ባልደረባዬ ፎልደሩን ከነውስጡ 777 አድርገውና ይለቅህ አለኝ። ለመርዳት ብሎ ነው። ነገር ግን እዚያ ፎልደር ውስጥ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል አለ፤ ዳታቤዙ ውስጥ ደግሞ የሰው ደም ምርመራ፣ የኤችአይቪ ውጤት ሳይቀር። አላደረግኩትም። ዛሬም ማንም እንዳያደርገው እለምናለሁ።

ከዚያ ሜሪላንድ ወደሚኖር የቀድሞ አለቃዬ ደወልኩ። እሱ ጋ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ አነሳው። ሎጉን፣ የሶኬቱን ፈቃድ፣ በከርል ያገኘሁትን ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለና፣ «ከርሉን ማን ሆነህ ነው የሞከርከው?» አለኝ።

ሩት ሆኜ ነበር።

«ኤንጂንኤክስ ሩት አይደለም። እሱን ሆነህ ሞክር» አለኝ።

ኡቡንቱ ላይ የኤንጂንኤክስ ሠራተኛ ፕሮሰሶች የሚሮጡት ደብሊው-ደብሊው-ደብሊው-ዳታ በሚባል ተራ ተጠቃሚ ስም ነው። በሱዶ ያንን ተጠቃሚ ሆኜ ያንኑ ትዕዛዝ ደገምኩ። ሌሊቱን ሙሉ ገጹን ሲያወርድልኝ የነበረው ትዕዛዝ ተከለከለ። የተከለከለውን ሰው ቦታ ይዤ ክልከላውን በዓይኔ ሳይ ሰውነቴ ተፈታ። ገና ምኑም አልተስተካከለም፤ ነገር ግን ችግሩ የት እንደሚፈለግ ታወቀ።

«አሁን ኔምአይን አስኪድና ከሥር ጀምረህ አንብብልኝ» አለ። ኔምአይ ወደ አንድ ፋይል የሚወስደውን መንገድ ፎልደር በፎልደር ከነባለቤቱና ከነፈቃዱ ይዘረዝራል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ሩት ፎልደሩ፣ 755። ሆም፣ 755። ሦስተኛው፣ የሲስተሙ ተጠቃሚ ሆም ፎልደር፣ 750። እዚያ ላይ ሁለታችንም ቆምን። 750 ማለት ከባለቤቱ፣ ከግሩፑና ሁሉ ከሚፈቀድለት ከሩት ተጠቃሚ ውጭ ማንም አያልፍም ማለት ነው። የጓዳው በር ተከፍቶ የግቢው በር ተቆልፎ ነበር።

ምክንያቱም ይኸው ነው። ኡቡንቱ እስከ 20.10 ድረስ አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር ሆም ፎልደሩን 755 ያደርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 21.04 ጀምሮ 750 ሆነ። ለውጡ ትክክል ነው፤ የሰው ሆም ለማንም ክፍት መሆን አልነበረበትም። የእኛ ሶኬት ግን ከድሮ ጀምሮ የተቀመጠው እዚያ ሆም ውስጥ ነው። ኮንፊገሬሽኑ ባይነካም የቆመበት መሬት ተለውጧል።

ሆሙን መልሶ 755 ማድረግ ይቻል ነበር። እኛ ግን ሶኬቱን ከሆም አወጣነው። በሲስተምዲ ፋይሉ ላይ ራንታይም ዳይሬክተሪ የሚለውን መስመር ጨመርኩ፤ ጉኒኮርን በተነሳ ቁጥር ራን በሚባለው ፎልደር ሥር የራሱ ፎልደር ይፈጠርለታል። የኤንጂንኤክሱን አድራሻ ወደዚያ አዞርኩ። ገጹ ተከፈተ፤ ግን ያለ ቀለምና ያለ ቅርጽ፣ ባዶ ጽሑፍ ብቻ። ሎጉ ለስታቲክ ፋይሎቹ 403 ይላል፤ እነሱም እዚያው ሆም ውስጥ ናቸው። እነሱን ወደ ቫር ሥር አዛወርኩ፤ ገጹ ሙሉ ሆነ። ራን ሰርቨሩ በጠፋ ቁጥር ስለሚጸዳ አለቃዬ ስልኩን ሳይዘጋ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁ። ሁሉም በራሱ ተነሳ።

እግዜር ይስጥህ ብዬው ተሰናበትን። ለላብራቶሪዋ ኃላፊ ደውዬ ሲስተሙ ገብቷል አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ በእጅ የተጻፈውን ሁሉ አስገቡት፤ አንዷ የላብራቶሪ ሠራተኛ ካርድ ቁጥሩን እያነበበች፣ ሌላዋ እያየች። መጀመሪያ የገቡት የሁለቱ ሞክሼ ሴቶች ውጤቶች ናቸው፤ ሁለቱም በየካርዳቸው ላይ ናቸው።