አንድ መስቀል ለሁሉም
በእንግሊዝ ገጠር፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ አናቱ የተገነጠለ አሮጌ የድንጋይ ምሰሶ ካያችሁ የመካከለኛው ዘመን የመቃብር መስቀል ነው። ያኔ ድሃው ገበሬ የራሱ የመቃብር ድንጋይ የት አለውና! ለሁሉም አንዱ መስቀል ይበቃ ነበር። በሆሳዕና በዘንባባ ፈንታ የአኻያ ቅርንጫፍ ይዘው ዑደት ሲያደርጉ እሥሩ ይቆማሉ። ገበያም ነበረ፤ ባይኖርማ በ1285 (በእነሱ አቆጣጠር) በቤተ ክርስቲያን ግቢ አትገበያዩ የሚል ሕግ ባልወጣ። በ1643 ፓርላማው መስቀሎቹ ይፍረሱ ብሎ አዘዘ። ብዙዎቹ አናታቸውን አጡ፤ አንዳንዱም ኋላ የፀሐይ ሰዓት ተሸከመ።
እኔን የሚቆጨኝ ከድንጋዩ ይልቅ ያ “ለሁሉም” የሚባለው ነገር ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ እብነ በረድ ያላቆመ ቤተሰብ ይሸማቀቃል። ዕድሩ አንድ፣ ድንኳኑ አንድ፤ ታዲያ ፉክክሩ አፈር ከለበስን በኋላ ነው እንዴ?